በጓሯችን የተገኘው ነጭ ጠጠር

ፋሌኡታ፣ ሳቫይኢ ደሴት
ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1997

ይድረስ ለወንድሜ ለፔናያ፤

ይህ ወረቀት ባሕሩን ተሻግሮ እጅህ ሲገባ አንተንም ባለቤትህንም ልጆችህንም በጤና ቆማችሁ ያግኛችሁ። እኛ አለን፤ ዝናቡም አለ፣ በማሳው ታሮውም አለ፣ ድካሙም አለ፣ ስለ ሁሉም ጌታ ይመስገን።

እናታችን ከገና በፊት ወድቃለች። ያኔ ያልጻፍኩልህ በዓሉን እንዳላበላሽብህ ብዬ ነው። የወደቀችው ጓሮ ስትወጣ ነው። ከማብሰያ ቤቱ ኋላ ያለውን ጥቁር ድንጋይ መቼም አልረሳኸውም፤ ጉልበትህ ላይ ያለው ጠባሳ የእሱ ሥራ ነው። ዝናብ ዘንቦበት ነበርና አንሸራተታት። ሐኪሙ ዳሌዋ ተሰንጥቋል ብሎ አስተኛት። አሁን በምርኩዝ ትቆማለች፣ ብቻዋን ግን ያንን ድንጋይ አትሻገርም። ቀንም ሌሊትም የምወስዳት እኔ ነኝ። እሷ ቀላል ናት፤ የከበደው የእኔ ወገብ ነው።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እህት ለወንድሟ ልትጽፈው የማይገባትን ነገር ዙሪያውን እየዞርኩ እንደሆነ ይገባሃል። እናንተ አገር ቤቶች ከውስጥ ያላቸው፣ የእኛ ቤት ግን ከውጭ ያለው ነገር አለ። ስሙን አታስጽፈኝ። እሱ ነገር ከአልጋዋ አጠገብ ቢኖር እናታችን አትወድቅም ነበር። የመንደሩ ሴቶች ማኅበር በየወሩ የሰውን ቤት ንጽሕና እየዞረ ያያል፤ ሊቀመንበሯም እኔ ነኝ። ቀን የሰው ጓሮ እየገባሁ «ይህ ምንድን ነው?» ስል እውላለሁ፣ ሲመሽ የራሴን እናት በድንጋይ ላይ ተሸክሜ እንገዳገዳለሁ።

የአጎታችን ልጅ ላፋኤሌ፣ መንገድ ሠሪዎቹ ጥለውት የሄዱትን ትንሽ እስካቫተር ጠግኖ ያሽከረክራል። ሰውየው አለ፣ መኪናውም አለ። የጠፋው የሚያውቅ ሰው ነው። አንተ እዚያ መሬት ትቆፍራለህ፣ ቱቦም ታውቃለህ ይባላል።

የእናታችን ምርቃት ይድረስህ። ስትጽፍ ፊደሉን ተለቅ አድርገው፣ ዓይኔም ደክሟል።

እህትህ ማታሌና


ኪንጋሮይ፣ ኩዊንስላንድ
ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1997

ይድረስ ለማከብርሽ ለእትዬ ማታሌና፤

እግዚአብሔር ወገብሽን ያጽናልሽ፤ ለእናታችንም ዕድሜ ይጨምርላት። እኛ ከሙቀቱ በቀር ክፉ ነገር የለብንም።

ደብዳቤሽን ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። እናታችን ተኝታ እኔ እዚህ የገና ሥጋ እጠብስ ነበር። ለምን አልነገራችሁኝም ብዬ ተናደድኩ፤ ከዚያ ብትነግሩኝስ ምን አደርግ ነበር ብዬ ተውኩት።

ወደ እኔ ትምጣ። እዚህ መሬቱ ጠፍጣፋ ነው፣ የሚያስፈልጋት ሁሉ ከአልጋዋ አጠገብ ይሆናል። ባለቤቴም ተስማምታለች። ለጉዞ ወረቀቷ እኔ እሯሯጣለሁ።

እምቢ ካለች ግን ያልሽው ነገር ይሠራል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የታጠፈና የታሸገ ሌላ ወረቀት አለ፤ የላፋኤሌ ነው። እባክሽ አንቺ አትክፈቺው። ሥዕልም ቃልም አለበት፣ በወንድምና በእህት መካከል የማይባል ዓይነት ቃል። ላንቺ የምነግርሽ ይህን ብቻ ነው። ጉድጓዱ ከምንጩ ይራቅ። በፊት ለፊት፣ በአባታችን መቃብር በኩልም አይሁን። ከጓሮ ይሁን።

ከሩቅ ሆኜ አዛዥ መሆኔን ይቅር በይኝ። ቤቱን ያቆምሽው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ።

ወንድምሽ ፔናያ


ፋሌኡታ
ኤፕሪል 2 ቀን 1997

ይድረስ ለወንድሜ ለፔናያ፤

የትንሣኤው ሰላም በቤትህ ይደር። እኛ ጋ ፋሲካው በዝናብ አለፈ፣ አሳማውም ሳይበስል ቀርቶ የፓስተሩ ጥርስ ተቸገረ።

የታሸገውን ወረቀት እንዳዘዝከኝ ሳልከፍት ለላፋኤሌ ሰጠሁት። እሱ ግን ሱቁ በር ላይ ቆሞ ለወንዶቹ በሙሉ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ስኳር ልገዛ ሄጄ ነበር፤ ሳቃቸውን ስሰማ ጆሮዬን ይዤ ሳልገዛ ተመለስኩ። እንግዲህ ያ ወረቀት ምን እንደሚል ከእኔ በቀር መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ሥራው ግን አልሄደም። ላፋኤሌ በቤቱ ቀኝ ሞከረ፣ ድንጋይ። በግራ ሞከረ፣ ድንጋይ። የእስካቫተሩ ጥርስ ተሰበረ፣ ዲጂኖውም ጎበጠ። «ፔናያ እዚያ ቅቤ ነው የሚቆፍረው፤ ይምጣና ይህን ይቅመሰው» ብሎ ልኮብሃል። ይመጣል፣ ይበላል፣ ድንጋይ ይመታል፣ ይሄዳል። እሱን ላበላ ስሮጥ ቀኑ ያልቃል።

ወደ አንተ የመሄዱን ነገር ለእናታችን አነበብኩላት። «እዚህ ሰው አለኝ» አለች። ፔናያም እኮ ልጅሽ ነው ብላት፣ «እዚህ ሰው አለኝ አልኩ» ብላ ፊቷን አዞረች። አባታችንን ማለቷ መሰለኝ። ቁፋሮውም ደስ አላላትም፤ «ይቅር፣ እንደ ለመድኩት እሆናለሁ» ትላለች። እንደ ለመደችው የምትሆነው ግን በእኔ ጀርባ ላይ ነው። ይህን ለእሷ አልተናገርኩም፣ ላንተ ጻፍኩት።

ነርሷ መጥታ አይታታለች። አንድ ጊዜ ደግማ ከወደቀች አትነሳም አለችኝ። ስለዚህ ወይ ያ ነገር ከቤት ይገባል፣ ወይ እናታችን ሳትወድ በግድ አውሮፕላን ትሳፈራለች። ከቤቷ ከወጣች ደግሞ እዚያ ብዙ እንደማትቆይ አንተም ታውቃለህ። ሌላ መንገድ ካለ አንተ ንገረኝ፤ እኔ ማሰብ ደክሞኛል።

ማታሌና


ኪንጋሮይ
ኤፕሪል 22 ቀን 1997

ይድረስ ለእትዬ ማታሌና፤

በጸሎታችሁ አለሁ። እናንተም በአምላክ ጥላ ሥር እንደሆናችሁ አምናለሁ።

ላፋኤሌን በእኔ ስም እርገሚልኝ። ያ ወረቀት ለእሱ ብቻ ነበር።

እኔም እንዳንቺው ደክሜያለሁ። አሠሪዬ ኮሊን ጉልበቱ ስላለቀ ጉድጓድ ውስጥ የምገባው እኔ ነኝ። ከከተማ ሸሽተው ገጠር መሬት የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ ቤቱን ሠርተው፣ መጋረጃ ሰቅለው፣ አበባ ተክለው ሲጨርሱ ነው ከሥሩ ምን እንደሚያስፈልግ ትዝ የሚላቸው። ያኔ እኛን ይጠሩናል፣ አበባውን ረገጣችሁ ብለውም ይቆጡናል። እኔ መቼም የቤት መሠረት ነው የምቆፍረው፤ አንዳንዴም ሌላ ሌላ።

ባለፈው ሳምንት ቦይ ስንቀድ አንዲት አሮጊት ከቤት ወጥታ «እዚያ ጋ ውሻዬ አለ» አለችን። ውሻው ሞቶ እዚያ ከተቀበረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከኮሊን ጋር የቦዩን መስመር አጠፍነው፣ ሥራውም ረዘመብን። ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ለላፋኤሌ እንዲህ በይው። መኪናውን አቁሞ በዲጂኖ ጓሮውን በሙሉ ይውጋ። ሰነፍ ካልሆነ አንድ ቦታ ዲጂኖው ሰተት ብሎ የሚገባበት አፈር አያጣም። እሱን ሲያገኝ ይቆፍር።

የእናታችንን የጉዞ ወረቀትም ጀምሬዋለሁ። ለማንኛውም ብዬ ነው።

ፔናያ


ፋሌኡታ
ሜይ 13 ቀን 1997

ይድረስ ለወንድሜ ለፔናያ፤

የእናቶች ቀን በደህና ዋለ፤ የላክላትን ጨርቅ ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። በረከቷ በአንተ ላይ ይሁን።

በመጀመሪያ፣ የቤት መሠረት ነው የምቆፍረው ያልከውን ተወው። የፓስተሩ ወንድም እዚያ መጥቶ በነበረ ጊዜ የምትነዳውን መኪና አይቶ፣ በሩ ላይ የተጻፈውንም፣ ያንን ስሙን የማልጽፈውን፣ አንብቦ ነግሮናል። ዓመታት ሆኖታል። እናታችን ያኔ «የሚያፍረው እሱ ነው፤ እንዳወቅን አትንገሩት» ስላለች ነው ዝም ያልነው። የማያሳፍር ሥራ ነው። ይህን ያህል ብቻ ልበልና ልተወው።

አሁን ደግሞ የምሥራች። አፈር ተገኘ። ላፋኤሌ እንዳልከው ጓሮውን ሲወጋ ከርሞ፣ ከማብሰያ ቤቱ ኋላ፣ ወደ ውጭ በምንወጣበት መንገድ ዳር ዲጂኖው ሰመጠለት። ቢያነሳው ንጹሕ ለስላሳ አፈር ነው። ከጉልበት በታች ሲደርስ ነጭ የባሕር ዳር ጠጠር ወጣ፤ ጠባብ ነው፣ ክንድ አይሞላም፣ ወደ ታች ግን እየጠለቀ ይሄዳል። የድሮ ቤት ወለል መሆን አለበት ብለናል። ላፋኤሌ «ፔናያ ሳይቆፍር የተቆፈረ አገኘሁ» እያለ ይፎክራል። የነጻነት በዓል ሲያልፍ መኪናውን አምጥቶ ያሰፋዋል፤ እስከዚያ ለበዓሉ የጀልባ ውድድር የመንደሩ ቀዛፊ ነኝ ብሎ ሥራ አቁሟል።

እናታችን ላፋኤሌ ቦታውን ካሳያት ወዲህ አትናገርም። ምግብም ትመልሳለች። የመኪናው ጩኸት ሰልችቷት ይሆናል። እኔ ግን እናታችን ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል ብሎኝ ተኛሁ።

ማታሌና


ኪንጋሮይ
ሜይ 30 ቀን 1997

እትዬ ማታሌና፤

ሰላምታዬ አጭር ነው፣ አትቀየሚኝ።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፤ ዛሬ ጠዋት ፓስተሩ ቤት የደወልኩት በእሱ ምክንያት ነው። ሮጠሽ መጥተሽ ስታለከልኪ፣ ከኋላሽ የፓስተሩ ሚስት ስታስል ይሰማኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ጆሮ ፊት ለእህቴ ማለት ያለብኝን ማለት አቃተኝ። «ቁፋሮውን አቁሙ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ» ብቻ አልኩ። አንቺም «እሺ» አልሽ፣ ግን እሺታሽ እሺታ አይመስልም ነበር።

አሁን ቃሉን እጽፈዋለሁ። ካነበብሽ በኋላ አቃጥይው። ሽንት ቤት። ይኸው፣ ጻፍኩት። ለሽንት ቤቱ ያገኛችሁት ቦታ መቃብር ነው።

የባሕር ጠጠር በራሱ እግር ዳገት አይወጣም፤ ሰው ተሸክሞ ነው የሚያመጣው። እኛ ደግሞ ጠጠር የምንሸከመው ለሁለት ነገር ነው፣ ለቤት ወለልና ለሙታን። ወለል ቢሆን በሰፊው ተዘርግቶ ባገኛችሁት ነበር። ያ ሁሉ ድንጋይ ባለበት ጓሮ አንድ ቦታ ብቻ አፈሩ ለስላሳ ከሆነ ከላፋኤሌ በፊት የቆፈረው ሰው አለ። እኔ ይህን ስሠራ ነው የኖርኩት፤ አንድ ጊዜ የተነካ አፈር አይቼ አላጣውም። ጠባብ ነው ብለሻል። አጭርም ሳይሆን አይቀርም፣ እትዬ፤ የልጅ መጠን ነው።

ማን እንደሆነ አላውቅም። እናታችን ግን ታውቃለች። ለዚህ ነው የማትናገረው። በእግዚአብሔር ስም ላፋኤሌን አቁሚውና እሷን ጠይቂያት። ቀስ ብለሽ ጠይቂያት።

ፔናያ


ፋሌኡታ
ጁን 2 ቀን 1997

ለፔናያ፤

ጤና ይስጥህ። ቃል የገባኸው ደብዳቤ ገና አልመጣም፣ እስኪመጣም አልጠብቅም።

ፓስተሩ ቤት ድረስ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር። አንተ ደግሞ «አቁሙ» ብለህ ዘጋህ። የፓስተሩ ሚስት «ደህና ነው?» ስትለኝ «ደህና ነው» ብዬ ወጣሁ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ አስቤበት ገባኝ። የእናታችንን ወረቀት ጀምሬያለሁ ብለህ ጽፈሃል። ሥራው ከቆመ መሄዷ ግድ ነው። አንተ እናትህን ከአጠገብህ ትፈልጋለህ፣ አልፈርድብህም፣ ግን በግልጽ ብትነግረኝ ምን ነበር? እኔ ያን ሁሉ ጊዜ በጀርባዬ ያቆየኋት አውሮፕላን ላይ ልጭናት አይደለም።

ስለዚህ አላቆምም። በዓሉ ረቡዕ ያልቃል፣ ላፋኤሌም ሐሙስ መኪናውን ያመጣል። ጉድጓዱ ይሰፋል፣ እናታችንም እዚሁ ትቀመጣለች።

ተቆጥቼ ጻፍኩ። ደክሜም ነው። አምላክ ለሁለታችንም ልብ ይስጠን።

ማታሌና


ፋሌኡታ
ጁን 22 ቀን 1997

ይድረስ ለወንድሜ ለፔናያ፤

የአባታችን አምላክ አንተን ይባርክህ፤ እኔንም ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ ላፋኤሌ ሞተሩን ሲያስነሳ ታሮ እየላጥኩ ነበር። ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። ተበላሸ ብዬ ስወጣ እናታችን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣለች። ድንጋዩን ብቻዋን ተሻግራዋለች። ምርኩዟ መንገድ ላይ ወድቋል፣ ጉልበቷ ደምቷል። ላፋኤሌ ሊያስቃት ብሎ «እማማ፣ ገና አላለቀም እኮ፣ ትንሽ ቻይው» አላት። ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም። እሱም ምሳዬን ልብላ ብሎ ሄደ፣ አልተመለሰም።

ጮህኩባት፣ ፔናያ። ወገቤ በአንቺ ምክንያት አለቀ፣ ልጅሽ ሊወስድሽ ነው፣ እቤትሽ የሚያስቀርሽን ሥራ ደግሞ አንቺ ራስሽ ትከለክያለሽ አልኳት። ዝናብ መጣ። ተነሺ ስላት እጇን አልሰጠችኝም። ኋላ እኔም አጠገቧ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው የተናገረችው።

«አባትሽ ነው የቆፈረው» አለች። «ሌላው ሁሉ ድንጋይ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊቆፍር የሚችለው ይህችን ብቻ ነበር።»

በእኔና በአንተ መካከል ወንድ ልጅ ወልዳለች። ያለ ወሩ መጣ፤ ጠዋት ተወልዶ ሳይመሽ ሞተ። ሳይጠመቅ ስለሞተ የዚያን ጊዜ ሽማግሌዎች ከፊት ለፊት ከዘመዶቹ ጋር አይቀበርም አሉ። አባታችን ጠቅልሎ እዚያ አስገባው፣ ጠጠሩንም ከባሕር ዳር በቅርጫት እየተሸከመ አመጣ። ከዚያ አይወራ ተባለ፣ እነሱም አላወሩም። እኔ ያኔ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ምንም ትዝ አይለኝም። በልጆች እሑድ ሕፃናቱ ነጭ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ፣ እሷ በልቧ አንድ ልጅ ትጨምርባቸው እንደነበር ነገረችኝ።

ያ ነገር ወደ ቤት እንዲገባ ለምን እንዳልፈለገች ጠየቅኳት። «ጓሮ በወጣሁ ቁጥር በአጠገቡ አልፋለሁ» አለች። «ወደ ቤት ከገባ ምን ብዬ እወጣለሁ?»

ይህን ስሰማ የሆንኩትን መጻፍ አልችልም። ስንት ጊዜ እየተነጫነጭኩ በዚያ በኩል ተሸክሜያታለሁ። ቀስ በይ ስትለኝ ዳሌዋ ያመማት ይመስለኝ ነበር። ስም አውጥታችሁለት ነበር ወይ አልኳት። አዎ አለች፣ ከዚያ በላይ ግን አልተናገረችም።

ደብዳቤህ በሳምንቱ ደረሰ። በስልክ ያልከው የገባኝ ያኔ ነው። እንዲያ ስላሰብኩብህ አፍራለሁ። ላፋኤሌ ጠጠሩን ለቅሞ መለሰው፣ አፈሩንም በእጁ ሞላው፤ አንድም ቀልድ አልተናገረም። እኛ ግን ተመልሰን ከጀመርንበት ነን፤ እናታችንም አሁንም አንድ ጊዜ ደግማ ከወደቀች አትነሳም።

ማታሌና


ኪንጋሮይ
ጁላይ 14 ቀን 1997

ይድረስ ለእትዬ ማታሌና፤

እግዚአብሔር ያጽናናሽ፤ እናታችንንም ያጽናናት። ወንድም እንደነበረኝ ሳላውቅ አርባ አምስት ዓመት ሞላኝ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ሥራ ላይ አፈር በነካሁ ቁጥር እጄ ይከብደኛል። ኮሊን ታመምክ ወይ አለኝ፤ አዎ ብዬው አንድ ቀን ቤቴ ዋልኩ።

የዋልኩት ሳስብ ነው። እዚህ የምንሄድባቸው አዳዲስ ቤቶች ሁሉ መሬት ላይ ተለጥፈው ነው የሚሠሩት፣ ስለዚህ እኛ ሁልጊዜ ወደ ታች እንቆፍራለን። ይህን ስሠራ ኖሬ፣ የተወለድኩበት ቤት በደረት ከፍታ የድንጋይ ክምር ላይ እንደቆመ ረሳሁት። እኔው ነኝ ከመጀመሪያው ቆፍሩ ብዬ ያሳሳትኳችሁ። ለካ መቆፈር አያስፈልግም ነበር።

እንግዲህ ለላፋኤሌ የታሸገ ወረቀት አልላክኩም። ላንቺው እጽፋለሁ፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ማፈሩ ደክሞኛል። መጸዳጃው በእናታችን አልጋ በኩል፣ በክምሩ ላይ ይሠራ። የሚወርደው ሁሉ ቁልቁል ነው የሚሄደው፤ ቤቱ ከፍ ካለ የቆሻሻው ታንክ ሳይቆፈር ድንጋዩ ላይ ቢቀመጥም ቁልቁለቱ ይበቃዋል። ታንኩን በሲሚንቶ ብሎክ ከቤቱ ጎን ይሥራው፣ ከውስጥ ለሁለት ይክፈለው፣ ደህና አድርጎም ይለስነው። ቆሻሻው በመጀመሪያው ክፍል ይዘቅጣል፣ ውሃው ወደ ሁለተኛው ያልፋል። ከዚያ የሚወጣው ውሃ ወደ ሙዙ ተክል ይሂድ። እዚያ አሸዋና ጠጠር ይከምር፣ የተበሳሳ ቱቦ በክምሩ ውስጥ ይለፍ፣ ከላይ አፈር ይልበስ። ሙዙ ያምርበታል። ለፓስተሩ ግን ከእሱ አትላኪ።

አንድ ክፉ ነገር አለው። ታንኩ ከመንገድ ይታያል። አንቺ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነሽና አስቢበት።

የእናታችንን የጉዞ ወረቀት ትቼዋለሁ። ለእሷ ንገሪያት።

ፔናያ


ፋሌኡታ
ሴፕቴምበር 28 ቀን 1997

ይድረስ ለወንድሜ ለፔናያ፤

በጎ ያሰብክልን ሁሉ ለልጆችህ ይመለስላቸው። አልቋል። ይሠራልም።

የዘገየሁት እስኪያልቅ ብዬ ነው። ከመንገድ መታየቱን ለእናታችን ስነግራት «ይታይ፣ ተደብቆ ምን አተረፍን» አለች። ላፋኤሌ በሰው ፊት ስለሆነ መሰለኝ በሕይወቱ እንደዚህ አሳምሮ ሠርቶ አያውቅም፤ ዙሪያውን ለስኖ ነጭ ቀለም ቀባው። ችግሩ ምን ሆነ መሰለህ? ከፊት ለፊት ካሉት መቃብሮች አይለይም። አንድ የሩቅ መንደር ሽማግሌ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው ባርኔጣቸውን አነሱለት። የፓስተሩ ሚስት አበባ ይዛ መጥታ «ማን ነው ያረፈው? እኛ ሳንሰማ?» አለችን። እውነቱን መናገር ያለብኝ እኔ ነበርኩ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር። እናታችን እስኪያማት ሳቀች። ስትስቅ ያየሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

ስቃ ስትጨርስ ግን፣ «ለቆሻሻችን ሲሚንቶ ካገኘን ለልጄ አናጣም» አለች።

ላፋኤሌ በማግሥቱ የተረፈውን ሲሚንቶ ይዞ መጣ። ከማብሰያ ቤቱ ጀምሮ በዚያ ድንጋይ ላይ ጠባብ መንገድ አፈሰሰላት፣ የሚያዝ እንጨትም አቆመላት። መቃብሩንም ከፍ አድርጎ ሠራው። አሁን ጓሮ የምትወጣው እሱን ልታይ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ምርኩዟን ይዛ ብቻዋን ሄዳ ትቀመጣለች፣ ስትጨርስ ትመለሳለች። እኔ የምሸከመው የለኝም። አንዳንዴ ምን እንደምሠራ ጠፍቶኝ ቁጭ እላለሁ።

የጻፍኩልህ ግን ለሌላ ነገር ነው። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ላፋኤሌ ሚስማር ይዞ ስሙን ጠየቃት። «ፔናያ» አለች። አንተን የጠራች መስሎት «እሱ እዚህ የለም፣ የልጁን ንገሪኝ» አላት። «የልጁን ነው የነገርኩህ» አለች። መጀመሪያ ያወጣችው ለእሱ ነው። አንተ ስትወለድ፣ የሚጠራው ሰው አጥቶ ስሙ እንዳይቀር ብላ ሰጠችህ።

ላፋኤሌ ሚስማሩን አስቀመጠ። ቆሞ የሚሄድ ሰው ስም መቃብር ላይ አልጽፍም፣ ሰውየው ራሱ ካልፈቀደ ብሎ ሄደ። ሲሚንቶው ባዶውን ደረቀ። እናታችን አልተቆጣችም፤ «እሱን ጠይቁት» አለች። እኔም ፈርቻለሁ፣ ልዋሽህ አልችልም። ስምህን እዚያ ማየት የምችል አይመስለኝም። አንተ የምትለውን ጻፍልኝ።

እህትህ ማታሌና


ኪንጋሮይ
ኦክቶበር 20 ቀን 1997

ይድረስ ለማከብርሽ ለእትዬ ማታሌና፤

የእናታችንን እጅ ሳሚልኝ። ረጅም አልጽፍም፣ ስቆፍር ውዬ ነው የገባሁት።

ይጻፍ። ላፋኤሌን አትፍራ በይው። ሲሚንቶው ደርቋልና በመሮ ይቅረጸው፣ ዝናብ እንዳያጠፋውም ጠለቅ ያድርገው። እናታችን ስትጠራኝ የኖረችው ሁለታችንን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከብዶኛል፣ ግን አልከፋኝም። አንቺም አትፍሪ። እኔ ከሄድኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ በዚያ መሬት ላይ ስሜ ያለበት ምንም ነገር የለም።

ሰው ቆሞ «ፔናያ መቼ ሞተ?» ብሎ ቢጠይቅሽ፣ ይህ ታላቁ ነው በይው። ታናሹ የሰው አገር ይቆፍራል፣ በሕይወት አለ፣ ደክሞታል በይው።

ከዚህ ሌላ ላፋኤሌን አንድ ሥራ እለምነዋለሁ። ከልጁ ጎን በዲጂኖ ይውጋልኝ። አንድ ሙሉ ሰው የሚያስገባ አፈር ካለ ይንገረኝ። ድንጋይ ከሆነም አይደብቀኝ፤ ጉልበት ሳለኝ መጥቼ ራሴ እሰብረዋለሁ።

ወንድምሽ ፔናያ